የዐም በሸንዲ ከሰል

በአኽሚም ከተማ፣ በጨርቅ ቀለም ነካሪዎች ሰፈር፣ የቀለም እጣቢ እንዲሁ ወደ ቦይ አይለቀቅም። መጀመሪያ የዘንባባ ቃጫና የቴምር ዘር ከሰል በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል፤ ከሰሉ ቀለሙን ይጠጣና ውሃው ጠርቶ ይወጣል። የነካሪው የዋህባ ከሰል ግን ጠግቦ አልጠጣም ካለ ሰንብቷል። አዲስ አክስሎ ለመለወጥ ለቀናት ሥራ መፍታት ይጠይቃል፤ ቀዮቹ የሠርግ ሻሾች ደግሞ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ትናንት ማለዳ ግራ ቀኙን አየና እጣቢውን ወደ ጉድጓዱ የሚመልሰውን ሳንቃ ብድግ አደረገው። ቀዩ ውሃ ጉድጓዱን ሳይነካ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ወዲያው ፍርሃት ያዘው። አካፋውን ይዞ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዐም»፣ አጎት፣ ብሎ ወደሚጠራቸው ሽማግሌ ነካሪ ጎረቤቱ ሮጠ።

«ዐም በሸንዲ፣ ከሰሌ አልቆብኛል።»

«ሚስትህ ቴምር አታበላህም እንዴ?» አሉና ከራሳቸው ጉድጓድ ግማሹን ዝቀው ሰጡት። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁትም፤ እሱም የጠገበውን ከሰል አውጥቶ የሳቸውን ጨመረበት።

ዛሬ ከሰፈሩ ግርጌ በቦዩ ውሃ ሰላጣ የምታበቅለው የሲራጅ እናት፣ ኡም ሲራጅ፣ ሥሩ ድረስ የቀላ ሰላጣ ታቅፋ መጣች። ሰዉ ተሰበሰበ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ነጭ ፈትል በየነካሪው መውጫ ውሃ ይነከራል። ፈትሉን ያቀላው ሰው መውጫው በጭቃ ይደፈናል፤ አዲስ ጥጥ እስኪደርስ እጁ ቀለም አይነካም።

የዋህባ ፈትል ነጭ እንደሆነ ወጣ። የበሸንዲ ቀላ።

«በዚህ ዕድሜዎ፣ ዐም በሸንዲ?» አለች ኡም ሲራጅ። «ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው?»

«ከሰሌም እንደኔ አረጀ መሰለኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ዋህባ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ቢያዩት ይሻለው ነበር።

ጭቃው ተቦካ። ዋህባ ስለ ሻሾቹ አሰበ፤ ስለ ሙሽራይቱ እናት ምላስም አሰበ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ጭቃ በበሸንዲ መውጫ ላይ ሊጣል ሲል ጭቃ የያዘውን ሰው ክንድ ያዘ።

«የኔን ድፈኑ።»

«ያንተማ ነጭ ነው። ፀሐይ መታህ?» አለው ሰውየው።

«ነጭ ያደረገው የሳቸው ከሰል ነው። ሰጥተውኝ ነው የሳሳባቸው። ትናንት ሳንቃውን አንስቼ ቀዩን የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

በሸንዲ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ማጣትህን የሸፈንኩልህ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ኡም ሲራጅ አልጮኸችም። «ያን ጊዜውኑ ብትነግረኝ የማሳዬን የውሃ በር እዘጋው ነበር» ብላ ሰላጣውን እግሩ ሥር አስቀመጠችና ሄደች።

ዋህባ ጭቃውን ተቀብሎ መውጫውን በገዛ እጁ ደፈነ። ሲጨርስ ከሰሉን ሊመልስ አካፋውን አነሳ።

«ተወው» አሉ በሸንዲ፤ «አሁን እሱም ያንተን ቀለም ጠጥቷል።» ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ለአዲስ ከሰል የሚሆን የቴምር ዘር ሊለቅሙ ወደ ገበያው ወረዱ። ዋህባ ልከተላቸው ወይስ ልቅር እያለ፣ በጭቃ እጁ እንደቆመ ቀረ።