አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ጥንድ ዓይን

«እሺ፣ ዓይኔ የት ሄደ? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

የልብስ ሰፊዎቹ ሊቀመንበር ይህን ስትለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። በመስታወት የተገጠመውን ትልቅ ፎቶ ባንኮኒዬ ላይ አጋድማ፣ ጣቷን በገዛ ፊቷ ላይ ተክላለች። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩ። ሰው ሲያፋጥጠኝ መነጽር መወልወል ልማዴ ነው። ሚስቴ «ይሄ መነጽር አንድ ቀን ተወልውሎ ያልቃል» ትለኛለች።

«ብርሃኑ ነው እኮ እንዲህ ያስመሰለው፣ እትዬ» አልኳት።

«ብርሃን ሰው ያስረጃል? እኔ የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ነኝ፤ ይሄ የሰማንያ ዓመት ዓይን ነው። ደግሞ ጠርዙን እየው! ሠላሳ ዓመት ልብስ ስጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጣፈ ነገር ከሩቅ ይሸተኛል።»

ፎቶ ቤታችን አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእሷ ማኅበር ደግሞ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚሠራው። የስፌት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ጣራችንን ሲደበድብ ይውላል። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንዱም ወርደው፣ መሥሪያ ክፍላቸው መግቢያ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ተነሥተው ነበር። ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከፍላሹ ነው። እውነቱን ለመናገር ከፍላሹም በፊት ከእኔ ነው።

የካሜራዬ የራሱ ፍላሽ ሲሞት ምትኩን ከዚያው ፋብሪካ መግዛት ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ገዛሁ። ሻጩ «ለሁሉም ካሜራ ይሆናል» ብሎኝ ነበርና ፎቶ ቤት ገብቼ ለሚስቴ እንደዚያው ነገርኳት። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ሙሽራ ጉንጭ እያጠራች ነበር።

«ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» አለች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ።

ፍላሹን ካሜራው አናት ላይ ሳንሸራትተው «ቀጭ» ብሎ ገባ።

«ሰማሽ? ገባ!»

«የኔም እግር ያንተ ጫማ ውስጥ ይገባል።»

ያን ቀን ሳቅኩባት። መግባትና መግባባት ለየቅል መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዲጂታል ካሜራ ፎቶውን ከማንሣቱ በፊት ፍላሹን በትንሽ ብልጭታ ብርሃን ያስለካዋል፤ ከዚያ ትልቁን ያስበራዋል። ፍላሹ የራሱ ከሆነ ሁለቱ ብልጭታዎች ከመከታተላቸው የተነሣ ለሰው አንድ ይመስሉታል። የኔው ፍላሽ ግን ካሜራው በጠየቀው ቁጥር እንደ ሽማግሌ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አውጥቶ አውርዶ ነው የሚመልሰው። እሱ እስኪያስብ፣ በትንሿ ብልጭታ የደነገጠ ሰው ዓይኑን ይከድናል። ትልቁ ሲመጣ ሁሉም ጨፍኖ ይጠብቀዋል። ለዚህ መፍትሔ ይኖረው ይሆናል። መመሪያው በአሥራ ሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ እኔ በአንዱም አላነበብኩትም።

መጀመሪያ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራንን በሙሉ አሳወርኩ። ሚስቴ ፎቶውን አገላብጣ አየችና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማ። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ብታሳውር ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ፍሬም ትገጥማለህ።»

«እሺ» አልኳት።

ሃያ ስድስት ዓመት ካሜራ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ያለ እሱ ሰው ፊት ስቆም እጄን የት እንደማደርገው እንኳ ይጠፋኛል። ግን እንደማይሸነፍ እርግጠኛ የሆነ ሰው እሺታው ቀላል ነው።

ልብስ ሰፊዎቹ የመጡት ሚስቴ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን ነበር። ሰባት ጊዜ አነሣኋቸው። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው በሰባቱም ፎቶ ላይ አሥሩ ሰዎች ጨፍነዋል፣ ልክ አንድ ሐዘን ላይ የተነሡ ይመስላሉ። በሰባቱም ዓይናቸውን ገልጠው የተገኙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ጨርቅ ቆራጭ፣ አባባ መቀስ። «ሰው ማለት እኚህ ናቸው! ቁሙ ሲሏቸው የሚቆሙ!» ብዬ አደነቅኳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ቆርጬ አሥር ጊዜ አባዛሁትና ለአሥሩም አደልኩ። ለወፍራሙ ሰፋ፣ ለቀጭኗ ጠበብ እያደረግኩ። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁት። እንከን የለውም። ለካ መነጽሬን አውልቄ ነበር።

አሁን ጩኸቱን ሰምታ ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ይሄ የማን ዓይን ነው?» አለች።

«የአባባ ነው!» አለች ሊቀመንበሯ። «የሁላችንም የአባባ ነው! ደንበኛ ይሄን አይቶ ምን ይላል? አሥራ አንዳችንም የአንድ አባት ልጆች ነን ይላል እንጂ! አንተ እኮ የኛን ፊት ብቻ አይደለም ያበላሸኸው፤ የሽማግሌውንም ስም ነው ያጠፋኸው!»

ሚስቴ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ይሁን ልትጮህ አልለየሁም። ሊቀመንበሯ ግን ወደ ደረጃው ወጥታ «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» ብላ ተጣራች። ከላይ የመኪናዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ጸጥ አለ። ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ክር ደረታቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ ቤቱን ሞሉት።

«ውይ! ይሄ እኔ ነኝ? ሚስቴ ቤት አታስገባኝም!»

«አባባ፣ ዓይንዎን አደራ፤ ስጨርስ እመልሳለሁ!»

አባባ መቀስ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ አጎነበሱ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«እኛ ነን እኮ፣ አባባ!»

«ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ናቸው» አሉ።

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፤ ገመዱን ጨብጬዋለሁ። ሚስቴ ገመዱን ስታይ አየኋት። እዚህ ላይ ዝም ብል ደግ ነበር። ግን ዝም ማለትን ማን አስተምሮኝ?

«ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም!» አልኩ። «የናንተ ነው! ሰው አንዲት ብልጭታ መቻል ያቅተዋል? አባባን እዩአቸው! በሰማንያ ዓመታቸው፣ ሰባት ጊዜ ሲበራባቸው አንዴ እንኳ አልተርገበገቡም። እንደሳቸው ብትቆሙ ኖሮ ዓይን ባልተበደርኩላችሁ!»

ሽማግሌው ድምፄ ወደመጣበት ዞሩ።

«በርቶ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ለካስ ሽማግሌው ያልተርገበገቡት ብልጭታውን ስላላዩት ነው። ሊቀመንበሯ እጃቸውን ያዘች።

«ለዚህ ነው ጨርቁን እየዳበሱ የሚቆርጡት?»

«ጣት አይዋሽም» አሉ።

ከዚህ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም። እጃቸውን ግን ብቻውን አልተዉትም፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። እኔ መነጽሬን አወለቅኩ፤ የምወልውለው ነገር ግን አልታየኝም። መልሼ አደረግኩት።

ሚስቴ እጇን ዘረጋች። ገመዱን በራሴ ላይ አሳልፌ ስሰጣት ጆሮዬ ላይ ተሰነካከለ፤ እሱም እንኳ በወጉ አልወጣልኝም። ፍላሹን ከካሜራው አናት ነቅላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ያዝ።»

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ዘግቼው የኖርኩትን የትልቁን መስኮት መጋረጃ ሰበሰበች። አግዳሚ ወንበሩን ከግድግዳው አላቀቀች። አባባን መሀል አስቀምጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሰችላቸው።

«ሙቀቱ ይሰማዎታል፣ አባባ?»

«ጉንጬ ላይ ነው።»

«በቃ፣ እሱን ይዩት።»

ሌሎቹን በዙሪያቸው ደረደረች። አንዱን በሜትሩ ጎትታ አስጠጋችው፣ የአንዷን ክር ከትከሻዋ ላይ አነሣችላት። ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና፦

«ከብርሃኑ ላይ ዞር በል» አለች።

ለእኔ ነው። መስኮቱ ፊት ቆሜ ኖሯል። ዞር አልኩ።

«ትንሽ ጨምር።»

ጨመርኩ።

«አሁንም ጥላህ የእትዬ ትከሻ ላይ ነው።»

የፍሬሙን ክምር አለፍኩ። ባንኮኒውን አለፍኩ። ጀርባዬ በሩን ነካ።

«አሁንስ እንዴት ነው?» አልኩ።

ወፍራሙ ሰፊ «የኔን ዓይን ደግሞ ለማን ልትሰጪው ነው?» አላትና እሷም «ለዚያ ሰውዬ፣ እሱ ነው የቸገረው» ብላ ሁሉም ሳቁ፣ አባባ ጭምር። እኔ ሁልጊዜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ ነበር የማነሣው። እሷ አልቆጠረችም። እያወራቻቸው ካሜራው ጠቅ፣ ጠቅ አለ። አሥራ አንዱም ዓይናቸውን ገልጠው ነበር።

ፍላሹን ኪሴ ከተትኩት። በሩን ገፋ ሳደርገው ከላዩ ያለችው ደወል ቅጭል አለች።

«እትዬ፣ አገጭሽን ዝቅ» ስትል ሰማሁና ደረጃውን ወረድኩ።