ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ

ቡትሪ እንደ ወትሮዋ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። የውሃውን በርሜል በረዶ በድንጋይ ሰብራ ድስቱን ሞላች፤ ኩበት ጨምራ እሳቱን አነደደች። ውሃው ሲፈላ ሻዩን፣ ጨውንና ቅቤን በረጅሙ የእንጨት መናጫ ውስጥ ጨምራ ናጠች። ባሏ ሉንዱፕ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ተነሥቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጎንበስ ሲል ጆሮዋን ሰጠችው። አላሳለም። በየጠዋቱ የምታዳምጠው ይህንኑ ነበርና በሶ አፈሰሰችለት። እሱም በሶውን በሻይ እያሸ፣ እየጠቀለለ በላ።

ከመንደሩ በታች ባለው ሜዳ የፈረንጆቹ ድንኳኖች ተተክለው ነበር። ፈረንጆቹ ትልቁ በር የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ተሻግረው ወደ ሰሜኑ ሐይቅ ሊሄዱ ነው የመጡት፤ ዕቃቸውን የሚሸከሙት ጠጉራሞቹ የደጋ ከብቶች፣ የሉንዱፕ ያኮች ነበሩ። ሉንዱፕ ከታመመ ወዲህ ያኮቹን ይዞ የሚሻገረው ታናሽ ወንድሙ ጉርሜ ነው። ዘንድሮ ግን ሉንዱፕ "እኔው ነኝ የምሄደው" አለ። የጉዞው መሪ ሚንግማር ደረቱን በዓይኑ ለክቶ፣ ጥቂት አመንትቶ፣ "ሰባት ያክ ካቀረብክ ይሁን" አለው። ሰባቱም ነበሩ። ከትናንት በስቲያ ከወንዙ በላይ ያለው መንገድ ተንዶ አንዱን ይዞት ገደል ገባ።

ሉንዱፕ ጣቶቹን ልሶ ሳህኑን አስቀመጠ።

"የተለቀቀውን እጭነዋለሁ" አለ።

ቡትሪ ማንኪያውን ከድስቱ አውጥታ መልሳ ከተተችው።

"ስድስቱ ላይ አከፋፍለው" አለች በመጨረሻ።

"ከበረዶ ክረምት የወጣ ከብት እኮ ነው። አጥንታቸው ይቆጠራል። ከዚህ በላይ ከጫንኳቸው በሩ ሥር ይተኛሉ።"

"ከጉርሜ ተዋስ።"

"ከጉርሜ!" አለና ሣቀ። ደስ የማይል ሣቅ ነበር።

ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረለት ያክ አይጫንም፤ አይሸጥም፤ ቢላዋ አይነካውም። ሉንዱፕ ደም ይተፋ በነበረበት ክረምት ላማው፣ የመንደሩ መነኩሴ፣ "እንዲድን ነፍስ ልቀቂለት" ቢላት ቡትሪ ከበረቱ መርጣ የለቀቀችው ነው። ደካማውን አልመረጠችም፤ ከሁሉ የሚያምረውን ጥቁር ወይፈን ነበር የመረጠችው። ላማው በሉንዱፕ ስም ጸልዮበት ጆሮውን በስቶ ጨርቁን አሰረለት። በረዶው ሲቀልጥ ሉንዱፕ ከመደቡ ተነሣ። ወይፈኑም አድጎ የሆዱ ጠጉር መሬት የሚጠርግ ኮርማ ሆነ፤ ሲያሻው ተራራ ይወጣል፣ ሲያሻው ወርዶ የሰው ገብስ ይግጣል። ድንጋይ የሚወረውርበት የለም።

ጉርሜ ግን አፉ ሥራ አይፈታም። ወንድሙ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ሲፈትል ባየ ቁጥር "እንደምን አደርክ፣ የተለቀቀው!" ይለዋል። "ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ! አንተን የሚጭንህ የለ፣ የሚያርድህ የለ። ምነው እኔንም አንድ ቀን ቀይ ጨርቅ ባሰሩልኝ!" መንደሩ ይሥቃል። ሉንዱፕም አብሮ ይሥቅ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

"የዳንኩት በመድኃኒት ነው" አለ አሁን ገመዱን ከግድግዳው እያወረደ። "ጤና ጣቢያው የሰጠኝን ኪኒን ስድስት ወር ሙሉ ውጫለሁ። ከብት አይደለም ያዳነኝ።"

"ኪኒኑም ይሁን። እሱም ይሁን። ለምን አንዱን እንመርጣለን? ሁለቱንም ተውልኝ።"

"አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ" አላት። ድምፁ አልጮኸም። "አንቺ ነሽ ጨርቅ ያሰርሽብኝ።"

ወጣ። ተከተለችው።

ጉርሜ በረቱ ካብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ሚንግማርም ሳጥኖቹንና የላምባ ጀሪካኖቹን ደርድሮ ቆሟል። ስድስቱ ያኮች ተጭነዋል። ጥቁሩ ኮርማ ጨው ተበትኖለት በገዛ እግሩ በረት ገብቶ ድንጋዩን ይልሳል።

"ጋሼ፣ እውነትህን ነው እንዴ?" አለ ጉርሜ። "እኔ እኮ የመጣሁት ሥቄ ልመለስ ነው።"

"ከሣቅህ በኋላ ውረድና ገመዱን ያዝ።"

"ኧረ እባካችሁ!" አለ ሚንግማር። "የታሰረለትን ከብት አስጭኖ ሄደ እንዳልባል። የእኔ እናት ይህን ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።"

"ሰባት ያክ አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ቁጠር።"

የወረወረው ገመድ የኮርማውን ቀንድ ያዘ። ጉርሜ ከኋላ እግሮቹን አጠላልፎ ሳበው፤ ኮርማው በጎኑ መሬት ላይ ሲዘረር የበረቱ አቧራ ተነሣ። ጉርሜ አንገቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሉንዱፕ ተንበርክኮ የአፍንጫውን ሥጋ በሁለት ጣቱ ያዘና ወስፌውን ሰካ። አልበሳም። ጣቱን ቀይሮ በመዳፉ ገፋው። ኮርማው ከሆዱ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ አሰማ፤ ደሙ በብርዱ እየጨሰ በሉንዱፕ ክንድ ላይ ወረደ። መጎተቻ የሚሆነውን የጥድ እንጨት ቀለበት በቀዳዳው ሲያሾልክ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ቡትሪ ይህን አየች። ከታመመ ወዲህ እጁ እንዲህ ጸንቶ አይታው አታውቅም ነበር።

ቢላዋዋን ከመቀነቷ መዛ ገመዱን ለመቁረጥ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያው ክር እንደተበጠሰ ሉንዱፕ ዞሮ በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ተቀመጠች። አፏ ውስጥ ጥርስ እንደ ጠጠር ተንከባለለ። መዳፏ ላይ ተፍታ አየችው።

ሚንግማር ወደ መሬት አየ። ጉርሜ "ጋሼ!" አለ።

ሉንዱፕ የራሱን እጅ ተመለከተ። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተና "ኮርቻውን አምጣ" አለ ለወንድሙ።

ኮርቻው ተጫነ፤ ጠፍሩም ጠበቀ። እግሮቹን ሲፈቱለት ኮርማው ተነሥቶ ዝም ብሎ ቆመ። አንድ ሳጥን በቀኝ፣ አንድ ሳጥን በግራ ሰቀሉበት። አሁንም ዝም። ጉርሜ ፈገግ አለ።

"አየኸው? እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የናፈቀው እሱ ነው ማለት ነው!" አለና ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ጎኑ ተጠጋ።

የላምባው ሽታ ይሁን የጀሪካኑ ድምፅ ማንም አላወቀም። ኮርማው አንገቱን ወደ ጎን ሰበረና ቀንዱን ጉርሜ ጭን ውስጥ አስገባ። አንሥቶት ዞረ። ጉርሜ እንደ ተሰቀለ ልብስ አብሮት ዞረ፤ ካቡ ላይ ወረወረው፤ ካቡም አብሮት ፈረሰ። ሳጥኖቹ ተሰነጠቁ፤ የፈረንጆቹ ድስቶች በረቱን ሞሉት። የተጫኑት ስድስቱ ከግድግዳው ተጣበቁ። ሚንግማር ካብ ዘልሎ ወጣ። ኮርማው ወደ ጉርሜ ተመለሰና በግንባሩ ድንጋይ ላይ ይጨፈልቀው ጀመር።

ሉንዱፕ ከቤቱ ደጃፍ መጥረቢያውን አነሣ።

ግንባሩን መታው፤ መጥረቢያው ከአጥንቱ ተንሸራተተ። አንገቱን መታው። ኮርማው ከጉርሜ ላይ ተነሥቶ ወደ እሱ ዞረ፤ ሉንዱፕ ወደ ኋላ አላለም። እንደገና አንገቱን፣ እንደገና የፊት እግሩን ጉልበት። ጉልበቱ ተሰበረ። ኮርማው በአፍንጫው ተደፋ። ሉንዱፕ ግን አላቆመም። ትንፋሹ እያፏጨ፣ ጨርቁ ያለበትን ጆሮ፣ ቀንዱን፣ ጀርባውን፣ ያገኘውን ሁሉ መታ። በመጨረሻ መጥረቢያው አጥንት ውስጥ ተቀረቀረ፤ ቢስበው አልወጣ አለው። እጁን ለቀቀ።

ኮርማው አልሞተም ነበር። ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፤ ከአፍንጫው የሚወጣው ደም አረፋ ይሠራል።

በዚያ ደጅ ከብት በብረት ተገድሎ አያውቅም። መሞት ግድ ሲሆንበት አፉ ይታሰራል፣ ጸሎት በጆሮው ይነገራል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አሁን ሉንዱፕ አይችልም፤ ሚንግማርም ካቡ ላይ እንደ ቆመ ነው። ቡትሪ መቀነቷን ፈታች። ኮርማው አጠገብ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችና አፉንና አፍንጫውን በመቀነቷ ጠምጥማ አሰረች። ባልተቆረጠው ጆሮው ውስጥ የምታውቀውን ጸሎት ደጋግማ አለች፤ አፏ ስላበጠ ቃሎቹ ተጣመሙባት። ለመሞት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲያበቃ ራሱን ከጭኗ አውርዳ ወደ ጉርሜ ሄደች።

የጭኑን ቁስል በሱፍ ወትፋ በባሏ አሮጌ ኮት አሰረችው። ጉርሜ እንደ አመድ ነጥቷል፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ ነው።

"እትዬ፣ ሚስት ሳላገባ ከወገቤ በታች አትቁረጪብኝ።"

"ዝም በል።"

ከኋላዋ የሳጥን ድምፅ ሰማች። ሉንዱፕ የተሰነጠቁትን ሳጥኖች በገመድ አንድ ላይ አስሮ፣ ላዩ ላይ የድንኳን ሸራ ጨምሮ፣ ተንበርክኮ የመሸከሚያውን ጠፍር ግንባሩ ላይ አደረገ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ ሚንግማር።

"ሰባት ጭነት ነው ያልከው።"

"እኔ ለፈረንጆቹ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን እንቆያለን። ሰው እንፈልጋለን።"

"ሰው ተገኝቷል።"

ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ ተነሣ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ቡትሪ ከፊቱ ቆመች። አፏን እንዳይመለከት ያደረገው ጠፍሩ ይሁን ሐፍረቱ አላወቀችም፤ የሚያየው ጫማዋን ነበር።

"ነገ ሂድ" አለችው። "ዛሬ የሆነው ይበቃል። ነገ እኔም አብሬህ እሸከማለሁ።"

"ደግሞ አንቺ ልትሸከሚኝ!"

"ጋሼ!" ጉርሜ ከወደቀበት በክንዱ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ። "ተው እንጂ ጋሼ። ቀልዴን እኮ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀልዴን ነው። አውርደው በእናትህ!"

ሉንዱፕ ለያኮቹ አፏጨላቸው። ያኮቹ በሬሳው ዙሪያ በሩቁ ዞረው አንድ በአንድ ከበረቱ ወጡ፤ እሱም ከኋላቸው ወጣ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ቡትሪ በድንኳኑ ሸራ ለየችው። ከሸራው ሥር ሁለት እግሮች ብቻ ይታዩ ነበር፤ ሳያርፉ ይሄዳሉ።

የኮርማውን ሥጋ ማንም አልቀመሰውም። ጎትተው ለአሞራ ሰጡት።

ያኮቹ ባዶ ኮርቻቸውን ይዘው ሲመለሱ የሚነዳቸው ሚንግማር ነበር። ቡትሪ ከሩቅ አይታ ማን እንደ ጎደለ አወቀች፤ ሆኖም ገብስ መቁላቷን ሳታቆም ጠበቀችው። ሚንግማር ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠችው። ሁለቱ እጆቹ ስኒውን እንደ ያዙ ተናገረ።

"በሩ አናት ላይ ከሁላችን ቀድሞ ደረሰ። ማንም ሳይረዳው። ጭነቱን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ጠፍሩን ከግንባሩ ሳያወርድ ቁጭ አለ። የሚያርፍ ነው የመሰለኝ። ስደርስ ደረቱ ላይ ደም ነበረ። ብዙም አይደለም።"

ቡትሪ እሳቱን አየች።

"በሶውን በልቶ ነበር?" አለችው።

"በልቷል" አለ ሚንግማር። ቀጥሎም "እዚያው፣ ከበሩ ማዶ፣ መነኩሴ ፈልገን እንደ ደንቡ አደረግንለት" አላት።

"ደግ አደረጋችሁ።"

ጉርሜ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ዳገት አይወጣም። አሁን ማንንም በቅጽል ስም አይጠራም። በሚቀጥለው ጸደይ ሌሎች ፈረንጆች መጡ፤ ሌላ መሪ ደጃፏ ቆሞ ስለ ያክ ጠየቃት። ቡትሪ እውነቱን ነገረችው።

ያኮቹ አሉ። የሚጭናቸው ሰው የለም።