የዘገየው ለቅሶ

ከቡሬ የተነሣችው የጭነት መኪና ቆሰበር ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ እንፋሎት ተፋችና ቆመች። ሾፌሩ ሀብቱ በጭነቱ ላይ ወደተሳፈሩት ቀና ብሎ፣ «ውረዱ፣ እግራችሁን አፍታቱ! እስክትበርድ ሐይቁን እዩ» አለ።

ተሳፋሪው ወረደ። ገሚሱ ፊቱን ሊታጠብ፣ ገሚሱ ቅቅል ድንች ሊገዛ ሄደ። አንዱ ድንጋይ እየወረወረ፣ «ይህ ሐይቅ መጨረሻ የለውም ይላሉ» ቢል፣ ሌላው «ታዲያ ውሃው ምን ላይ ቆመ?» ብሎ አሳቀ።

የበርበሬ ነጋዴው ውዱ ብቻ ከጎማው አጠገብ ቀረ።

«አያ ውዱ፣ እርስዎ ወደ ሐይቁ አይወርዱም?» አለው ሀብቱ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

የሚያውቀውስ ሐይቁን ብቻ አልነበረም። ከቀርከሃው ጥግ የምትታየው ጎጆ የደርበው ናት። አብረው ነግደዋል፤ ውዱን ትኩሳት ሲጥለው ደርበው በፈረስ አፈናጦ ዳንግላ ቤቱ ድረስ ያደረሰው ሰው ነው። ደርበው መሞቱን ውዱ የሰማው ገበያ መሃል ነበር። «ገበያውን ልጨርስና» አለ። ከዚያ «ለአርባው»፣ ከዚያ «ለሙት ዓመቱ» አለ። ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ባለፈ ቁጥር ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስባል። ማታ ሲጸልይ የሟቹን ስም ያነሣል፤ ይህም ለቅሶ መድረስ ነው ብሎ ልቡን ሊያባብል ቢሞክር ልቡ እሺ አላለውም።

ዛሬ ግን መኪናዋ ከደጁ ቆማለች። ምን ሰበብ አለው?

«ትቆያለህ?» አለው ሀብቱን።

«ተላጭተው፣ ጠጉርዎ በቅሎ ይመለሳሉ!»

አቀበቱን ወጣ። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ አይገባም፤ ከደጅ ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ እያለቀሰ ነው የሚገባው። ውዱም አጥሩ ጥግ ሲደርስ፣ «ወየው ወንድሜ! ወየው፣ ምነው ሳላይህ!» እያለ ገባ። እንባው የእውነት ነበር።

የደርበው ሚስት እህተማርያም ግቢው ውስጥ ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና ስትል፣ ከመኪና የወረደ ወንድ እያለቀሰ ይመጣል። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ክንዴ! ልጄን! ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች።

አንድ ልጇ ክንዴ ከጦሩ ጋር ኮንጎ ዘምቷል። ውዱ ይህን አያውቅም። ለቅሶውን ደርሶ፣ ቤቱን ጠይቆ ቢሆን ያውቅ ነበር።

«ኧረ አይደለም! ለደርበው ነው! ለደርበው ነው የማለቅሰው!»

ማን ሰምቶት። ጎረቤቷ ሸጋ ጩኸቷን ተቀበለቻት፤ ከሸጋ የማዶው ተቀበለ። የሚያርሰውም በሬውን ፈታ።

እህተማርያም ቆይታ ነው የሰማችው። ግንባሯ አፈር እንደያዘ ቀና አለች።

«ክንዴ ደኅና ነው?»

«የክንዴን ነገር አላውቅም፣ እቴ። የደርበውን ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ደርበውማ ከሞተ ስንት ጊዜው! አሁን ነው የሰማህ?»

አዎ ቢል ይገላገል ነበር። ነገር ግን ፈጣሪውን ፈራ። «ያን ጊዜውኑ ሰምቻለሁ» አለ።

ከውጭ ጩኸቱ እየቀረበ ነው።

«አገሩን በቁም ልጄ ላይ አስለቀስኸው። ውጣና አንተው መልሳቸው» አለችው።

በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የደረሱት ሽማግሌው አያ እንየው ነበሩ፤ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«የሞተ የለም፣ አያ። እኔ ነኝ። የደርበውን ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ፣ ዛሬ መምጣቴ ነው።»

አያ እንየው እያለከለኩ ተመለከቱት። «አገርህ የት ነው?»

«ዳንግላ።»

«በእንብርክክህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ሸጋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከኋላ የመጡት ሲጠይቁ ውዱ እንደገና ተናገረ፤ ሌሎች መጡ፣ እንደገና። አማርኛ ለማይሰሙ አንዲት አሮጊት ሸጋ በአዊኛ ነገረችላቸው። ውዱ ከነገሩ ሁሉ የለየው የደርበውንና የራሱን ስም ብቻ ነው። አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ተመለሱ።

ከታች የመኪናዋ ጥሩንባ ተነፋ። «አያ ውዱ! በርበሬዎ ሊሄድ ነው!»

«ይሂድ!»

እህተማርያም ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። «ያለቀስኸውን ለልጄ አለቀስኸው፤ የደርበው ገና ነው» አለችው። ሂድም፣ ግባም አላለችው።

ይህን ስትል ከሐይቁ ማዶ እሪታ ተሰማ። የክንዴ አክስት ናት፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ደረቷን እየመታች በውሃው ዳር ትመጣለች። ውዱ «የሞተ የለም!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ቃሉ ሳይሆን ጩኸቱ ደረሳትና፣ የሚሮጥ ሰው ብታይ መርዶውን ያመጣላት መስሏት መሬት ላይ ወደቀች።

ውዱ መሮጡን ተወ። አፉን ዘጋ፤ እጆቹን ወደ ታች አድርጎ በእርጋታ ወደ እሷ ወረደ።