የትልቁ አዳራሽ ኮርኒስ

የጡረተኞቹ ማኅበር በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አንድ ታሪካዊ ቦታ ይጎበኛል። አናጢው ከጉዞ ቀርቶ አያውቅም፤ ጥንታዊዎቹን አብያተ ክርስቲያናትም ሆነ የድሮውን ድልድይ ከማኅበርተኞቹ ጋር አይቷል። የዚህ ወር ተረኛ ኮረብታው ላይ ያለው የመኳንንት ቤት ነው ሲባል ግን መቅረት አማረው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ቤቱን ካደሱት ሠራተኞች አንዱ እሱ ነበር። ታላቅ ወንድሙም አብሮት ይሠራ ነበር፤ የትልቁን አዳራሽ ኮርኒስ ሲገጥም ከሥራ መወጣጫው ከፖንቴው ላይ ወድቆ የሞተው እዚያ ነው።

ሆዴን አሞኛል ብሎ ሊቀር ሲል የወንድሙ ሚስት ደወለች። እሷም የማኅበሩ አባል ናት።

«ዋርሳዬ፣ እኔ ልሄድ ነው» አለችው። «የወደቀበትን ቦታ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ብቻዬን ግን አልችለውም።»

ምን ይበል? እሺ አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከአባላቱ አንዱ የሆነው ጡረተኛ ፖስተኛ ቀልዱ ብሶበት ነበር። «የዛሬው ቤት ከእኛ ያረጀ ነው አሉ፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወጣት እንባል» እያለ ሰዉን ያስቃል። የወንድሙ ሚስትም ሳቀች። አናጢው መስኮቱን ተደግፎ ወንድሙ የሞተበትን ቀን ጠዋት ያስባል። ፎርማኑ «የፖንቴውን የላይኛውን ሳንቃ ጥብቅ አድርገህ እሰረው» ያለው እሱን ነበር። ገመድ አነሰው። ከምሳ በኋላ አስረዋለሁ ብሎ ወረደ፤ ለወንድሙም ትንፍሽ አላለም። እጁን እየታጠበ ነው ወንድሙ ሲወድቅ የሰማው። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «አዳልጦት ነው» ሲል እሱም «አዎ፣ አዳልጦት ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ የሟቹን ልጆች እንደ ልጆቹ አሳደገ፤ ቤታቸውን ጠገነ፣ ትልቋን ዳረ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ፀጉሩ ነጣ።

አስጎብኚዋ ድምፀ ቀጭን ወጣት ናት። አዳራሹ መሃል ቆማ ወደ ላይ እያሳየች፣ «እድሳቱ ሦስት ዓመት ወስዷል፤ አንድም አደጋ ሳይደርስ ነው የተጠናቀቀው» አለች። ሰዉ አንገቱን አንጋጦ አደነቀ። የወንድሙ ሚስት ግን ወለሉን ነበር የምታየው።

«የቱ ጋ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

ሦስተኛው መስኮት ሥር ያለውን ቦታ በአገጩ አሳያት። ሄዳ ጎንበስ አለችና መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ሌሎቹ አስጎብኚዋን ተከትለው ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«እትዬ» አላት። «አዳልጦት አይደለም። ሳንቃው አልታሰረም ነበር። እሰር የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ፎርማኑ። በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ። በመጀመሪያው ዓመት ብትነግረኝ አብሬህ አለቅስ ነበር። በአምስተኛውም ይቅር እልህ ነበር። ለልጆቹ ደብተር ይዘህ በመጣህ ቁጥር፣ ዛሬ ነው፣ ዛሬስ ይነግረኛል እል ነበር። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ይቅርታዬ አለቀብኝ። አሁንም እኮ የነገርከኝ እዚህ ድረስ ጎትቼ ስላመጣሁህ ነው።»

«ይቅር በይኝ።»

ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። «ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል» አለች። «ልጆቹ አያውቁም። አባት ሆነሃቸዋል፤ አባታቸውን ሁለት ጊዜ አልገድልባቸውም። እኔን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተወኝ።»

ወደ ግቢው ወጣች። እሱ መዳፏ ያረፈበትን ወለል እያየ ባለበት ቀረ። አስጎብኚዋ እሱን ፍለጋ ስትመለስ መስኮቱ ሥር አገኘችው።

«አባባ፣ ደከመዎት?»

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ሞቷል» አላት።

«መዝገባችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች በትሕትና። «ምናልባት ከሌላ ቤት ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል።»

የወንድሙን ስም ሊጠራላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ስንት ጥያቄ እንደሚከተል ታየው፤ ማን ነበር፣ እንዴት ወደቀ፣ ሳንቃውን ማን አስሮት ነበር።

«ይሆናል» አለ።

ከዚያ ወዲህ የወንድሙ ሚስት ማኅበሩን ተወች። እሱ እሑድ እሑድ እንደ ልማዱ ልጆቹ ወደሚሰበሰቡበት ወደ እሷ ቤት ይሄዳል፤ ብድግ ብለው፣ ስመው ይቀበሉታል። እሷ ድምፁን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ትልቋ ልጅ ግራ ገብቷት፣ «እማዬን ራሷን አሟት ነው፣ አትቀየማት» ትለዋለች። እሱም «ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ብቻ ይማራት» ይልና ጥቂት ተቀምጦ ይወጣል።