መኪናዋስ ጤነኛ ናት

ነርሷ ሪሞቱን ተጫነች፤ በሮቹ ተከፈቱ። እጀታውን ከመያዟ በፊት ግን ጧ! ብለው ተቆለፉ። ደግማ ከፈተች፤ ደግመው ተቆለፉ። በቁልፉ ከፍታ ስትገባ ደግሞ መኪናዋ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሞተሩም እንቢ አለ። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን አርፍዳለች። አለቃዋ ትናንት፣ "አንድ ቀን ብትደግሚ ስንብት ነው" ብላታለች። እሷንና አባቷን የምታኖረው ደግሞ ይህችው ሥራ ናት።

"ኧረ ምን በደልኩሽ?" አለቻት መኪናዋን፣ ሰው ይመስል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ያካል። ሁለቴ ጋራዡ ድረስ ብትወስድለት መኪናዋ እንደ በግ ጸጥ ብላ ስለታዘዘችለት፣ ዛሬ ራሱ ግቢዋ ድረስ መጥቷል።

"ባትሪውን ቀየርኩ፤ የበሮቹን ሽቦ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ መቆለፊያውን ፈታሁ ገጠምኩ። የቀረኝ እግሯ ላይ ወድቄ መለመን ነው!"

"አንተ ጋ ትሠራለች፣ እዚህ ዛሯ ይነሳባታል። አድራሻ ታውቃለች እንዴ?"

"እህቴ፣ መኪና በራሷ አትቆልፍም። ሪሞት ያለው ሁለተኛ ቁልፍ አላት?"

"አባዬ ጋ ነው። የድሮ ሾፌር አይደል? መዘንጋት ከጀመረ ወዲህ ቁልፉን ካልዳበሰ እንቅልፍ አይወስደውም።"

ኤሌክትሪሺያኑ ቀና ብሎ የቤቱን መስኮት አየ። እሷም አየች። አባቷ መጋረጃውን ገልጦ ቆሟል፤ ቁልፉን የያዘበት ክንዱ ወደ መኪናዋ ተዘርግቷል። ሊደበቅ እንኳ አልሞከረም።

"መኪናዋስ ጤነኛ ናት" አለ ኤሌክትሪሺያኑ ቀስ ብሎ፣ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ።

በሩን በንዴት በርግዳ ወደ ቤት ገባች። "አባዬ! የእንጀራ ገመዴን ልትበጥስብኝ ነው?"

"እሰይ፣ መጣሽ ልጄ!" እጇን ያዘና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "ለማንም እንዳትነግሪ። አንዲት ሌባ አለች። ነጭ ለብሳ በየጠዋቱ እየመጣች መኪናሽን ልትወስድ ትሞክራለች። እኔ እያለሁ? ወይ ፍንክች!"

ነርሷ የለበሰችውን ነጭ ጋዋን ቁልቁል አየች። ሐኪሙ ይህ ቀን እንደሚመጣ ነግሯት ነበር፤ እሷም ተዘጋጅቻለሁ ብላ ነበር። ምኑን ተዘጋጀችው! ሥራ ትታ አጠገቡ ብትውል የሚበሉት የለም፤ ሠርታ ብታመጣም ልቡን የሚመልስለት መድኃኒት የለም።

"እኔ እኮ ነኝ፣ አባዬ።"

"አንቺማ ልጄ ነሽ" አለ ሳቅ ብሎ። "እኔ የምልሽ ያቺን ነው።"

እጇን ዘረጋችለት።

"እስቲ ቁልፉን አሳየኝ።"

ሳያቅማማ ሰጣት። ጀርባዋን ሰጥታ ክዳኑን በጥፍሯ ፈለቀቀችና የሪሞቱን ባትሪ አውጥታ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ቁልፉን መዳፉ ላይ መለሰችለት።

"አደራ አባዬ፣ እንዳታስነካት።"

"አታስቢ! ዓይኔን አልነቅልም።"

ወጥታ መኪናዋን ከፈተችና ገባች። አባቷ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሪሞቱን እየተጫነ፣ እየደጋገመ እየተጫነ መሆኑን ታውቃለች። ቀና ብላ ሳታየው ሞተሩን አስነሳች።