ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ

ዳቦ ቤት ተቀጥሮ የሚራብ ሰው አይጠፋም። ፍራሽ ቤት ተቀጥራ እንቅልፍ ያጣች ግን እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከጠዋት እስከ ማታ በአልጋ ተከብባ ትውላለች። በላስቲክ የተጠቀለለውን ፍራሽ በመዳፏ እየደበደበች «ይሄኛው ወገብ ይደግፋል፣ ያኛው ሙቀት አይዝም» እያለች ለአገር ምድሩ እንቅልፍ ትሸጣለች። ቤቷ ስትገባ ግን ለራሷ የምትሆን አንዲት ስንዝር የላትም። ከሱቁ በቅናሽ የገዛችው፣ አንደኛ የተባለ ፍራሽ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጠች ይነጋል።

ምክንያቱ አጠገቧ ተኝቷል። ባሏ ጠበቃ ነው፤ ቀን ቀን ድምፁ ከመለስለሱ የተነሳ ዳኞች «እባክዎ ጮክ ይበሉ» የሚሉት ሰው። ቀን የቆጠበውን ድምፅ ሌሊት ያወጣዋል። መጀመሪያ እንደ ጠገበች ድመት ጉሮሮው ውስጥ ያጉረመርማል። ቀጥሎ የዛገ በር የሚከፍት ይመስላል። ከዚያ ዳገት ላይ ማርሽ እምቢ ያለው የጭነት መኪና ይሆናል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ዝምታው ነው። ድንገት ቀጥ ይላል። «ሞተ እንዴ?» ብላ በክርኗ ተደግፋ ትነሳለች፣ ደረቱን ትዳብሳለች። ልክ «ኧረ የሰው ያለህ!» ልትል አፏን ስትከፍት ካቋረጠበት አንቀጽ ይቀጥላል። እንዲህ ነው፤ ሲያንኮራፋ በንዴት፣ ዝም ሲል በድንጋጤ፣ እንቅልፍ በዐይኗ ሳይዞር ወፍ ይጮሃል።

ያልሞከረችው የለም። በጎኑ ገለበጠችው፤ ተመልሶ በጀርባው ተዘረረ። ጆሮዋን በጥጥ ወተፈች፤ ጥጡን በስቶ መጣ። አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ያዘችበት፤ በአፉ ቀጠለ። አንዷ ጎረቤት «ሲያንኮራፋ አፏጪበት፣ ጸጥ ይላል» ብላት አፏጨች። ጸጥ አላለም፤ እንዲያውም ዜማውን ወደደው መሰለኝ፣ እሱ ከበሮ እሷ ዋሽንት ሆነው ሲያነጉት አደሩ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። አንጀቷን የሚያሳርራት ክህደቱ ነበር።

«እኔ? እኔ አላንኮራፋም።»

«ሌሊቱን ሙሉ!»

«አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«ተኝተህ በምን ትሰማዋለህ?»

«ይኸውልሽ፣» ይላል ጣቱን አንስቶ፣ «ተከሳሽ ተኝቶ ሳለ ተፈጸመ በተባለ ድርጊት ላይ አንቺው ከሳሽ፣ አንቺው ምስክር። የትኛው ዳኛ ነው ይህን የሚቀበልሽ?»

በስልኳ ቀድታ አሰማችው። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው፣» አለ። «የጎረቤት።»

«ጎረቤታችን ሞተር የለውም እኮ!»

«እንግዲያው ገዝቷል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሱ ጆሮስ ባዳም አይደል፣ ባለ ፈቃድ ተከራካሪ ነው። ጨንቋት እናቱ ዘንድ ደወለች። እናቱ ሳቁባት። «ልጄማ ሲተኛ እንደ መልአክ ነው። የሚያንኮራፉት አባቱ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸውም ታዲያ ‹አንቺ ነሽ እንጂ› እያሉ ድርቅ ይሉ ነበር።» ዘሩን አወቀችው። ስልኩን ዘጋች።

የምትለምነው ነገር እንኳ ብዙ አይደለም። ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ የእሱ የድሮ ፋይሎች የታጎሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ፋይሎቹን ወደ ጥግ ገፍቶ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ማስገባት፣ በሩን መዝጋት፣ መተኛት። በቃ።

«አይሆንም፣» አላት አንድ ጠዋት፣ ሻይዋ ውስጥ ስኳር መስሏት ጨው ስትጨምር እያያት።

«ለምን?»

«የእኔ እመቤት፣ እኔ የምኖረው በምንድን ነው? በፍቺ! አቤቱታ ስጽፍ የመጀመሪያዋ መስመሬ ምንድን ናት? ‹ባልና ሚስቱ አልጋ ከለዩ ቆይተዋል።› ዛሬ አልጋ፣ ነገ ቁም ሳጥን፣ ከነገ ወዲያ ቤት። የሰውን አልጋ ስቆጥር ኖሬ የራሴን ላስቆጥር? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔስ? እኔ በእንቅልፍ እጦት ልሙትልህ?»

«ምስክር አምጪ፣» አለ ክራቫቱን እያሰረ። «ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ ላንቺ የማያደላ፣ በገዛ ጆሮው የሰማ። አንድ ሰው ብቻ። ያን ቀን አልጋሽን በትከሻዬ ተሸክሜ አስገባልሻለሁ።»

ከየት ታምጣ? የተኛ ባሏን ልታሳይ መኝታ ቤቷ ድረስ ሰው ልትጠራ ነው? ነውር ነው። ነውር መሆኑን እሱም ያውቃል። ለዚህ እኮ ነው የጠየቃት።

ሱቅ ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰውዬ፣ መሀሉ እንደ ኮርቻ የጎደጎደ ትራስ በመኪና ሙሉ አስመጥተው ነበር። «ማንኮራፋት ድራሹን የሚያጠፋ ትራስ» ብለው በትልቁ ጽፈው ሰቀሉት። የመጀመሪያዋን ትራስ ይዛ ቤቷ የሮጠችው እሷ ናት። ትራሱ ባሏን ጠቅሞታል፣ አይካድም፤ ድምፁን አጠራለት።

ይህንን ለጋሼ ብትነግራቸው፣ «ለደንበኛ ‹ባሌ ተገላግሏል› በይ፣» አሏት።

እናም ትላለች። ዐይኗ ደም መስሎ፣ ከሥሩ ጥቁር ከረጢት አንጠልጥሎ፣ «የራሴን ባለቤት ነው የምነግርዎት፣ ዛሬ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም!» እያለች ትምላለች። ፍራሽ ተሸካሚው፣ ጉልበቱን አይተው ክሬኑ ያሉት ሰው፣ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄን ሲናገሩ ፊትዎን በሆነ ነገር ይሸፍኑ፣ ትራሱን ያስጠረጥሩታል፣» አላት።

ድካሙ አንድ ቀን ጉድ አደረጋት። ሊጋቡ ቀን የቆረጡ ሁለት ወጣቶች አልጋ ሊመርጡ መጡ። ልጅቷ ትስቃለች፣ ልጁ ፍራሹን በቡጢ ይሞክራል። እሷ ቆማ እያንቀላፋች ሳለ ከአፏ ምን ወጣ?

«የሚያንኮራፋው ማንኛችሁ ነው?»

ልጅቷ ወደ ልጁ ዞረች። ልጁ ሽምጥጥ አድርጎ፣ «እኔ? እኔ አላንኮራፋም፣» አለ። ቃሉ፣ የአንገቱ አያያዝ፣ ሁለመናው ባሏን ሆኖ ታያት።

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት!» ብላ ጮኸች። «እህቴ፣ ከአሁኑ ሁለት ነጠላ አልጋ ግዢ! አንዱን ሌላ ክፍል!»

ልጅቷ ከፊት፣ ልጁ «ኧረ ስሚኝ» እያለ ከኋላ፣ አንድም ሳይገዙ ወጡ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ አልጋ ነው የምሸጠው ወይስ ትዳር ነው የማፈርሰው? ከእንግዲህ አንድ ደንበኛ እንዲህ ሆኖ ቢወጣ፣ አንቺም ተከትለሽው ነው የምትወጪው። ጨርሻለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። ባልና ሚስቱ የአጎቱን ልጅ ሊጠይቁ ተቀጣጥረው ስለነበር ጠበቃው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሊወስዳት መጣ። እሷ ጥግ ላይ ከደንበኛ ጋር ስለተያዘች በእጇ «ትንሽ ጠብቅ» አለችው። ጋሼ ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ክራቫት ያሰረ ሰው አልጋ መሀል ሲንጎራደድ ሲያዩ ግን ገንዘብ ሸተታቸው።

«ጌታው፣ ምን ያቆምዎታል? አረፍ ይበሉበት እንጂ! ለመተኛት አናስከፍልም!»

ጠበቃው በነጻ የተባለ ነገር እምቢ ማለት አይሆንለትም። ጫማውን አውልቆ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ «ለአፍታ ወገቤን ላሳርፍ» ብሎ በጀርባው ተንጋለለ። ጋሼ በገዛ እጃቸው ያንን ትራስ ከራሱ ሥር ሸጎጡለት። ከዚያ ወደ ሴት ደንበኞቹ ዞረው ዋናውን ስብከት ጀመሩ።

«እመቤቶቼ፣ ይህ ትራስ በገባበት ቤት ማንኮራፋት የሚባል ነገር...»

ከኋላቸው ድመቷ አጉረመረመች።

«...የሚባል ነገር ደጃፍ አይረግጥም! ምክንያቱም አንገትን...»

የዛገው በር ተከፈተ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። እሷ ከጥጉ ሆና ሰማች፤ ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ ትለየዋለች። ስትደርስ የጭነት መኪናው ዳገቱን ጀምሯል፣ የአልጋው ላስቲክ ይንሿሿል፣ ደንበኛው አልጋውን እንደ አደጋ ከቦታል። ጋሼ በሰው ትከሻ ላይ አሻግረው በቅንድባቸው፣ በአገጫቸው፣ በሁለት እጃቸው «ቀስቅሺው! ቀስቅሺው!» ይሏታል።

እጇን ዘረጋች። ብትቀሰቅሰው ሥራዋ ይተርፋል። ግን ዙሪያዋን አየች። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ ለእሷ የማያደላ፣ በገዛ ጆሮው የሰማ ሰው፤ እሱ አንድ ብሎ ነበር፣ ሱቁ ሙሉ ተሰጣት። የተዘረጋው እጇ ከአጠገቡ ብርድ ልብስ አነሳና እስከ ትከሻው አለበሰው።

«ይተኛ፣» አለች። «ደክሞት ነው።»

ያኔ ድምፁ ቀጥ አለ። ሱቁም አብሮ ቀጥ አለ። ዱላ የተደገፉ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ያዙ።

«ሞተ እንዴ?»

«ትንሽ ይጠብቁ፣» አለች።

ጠበቁ። ከዚያ ሲፈነዳ ሁሉም ባንድ ላይ ዘለሉ፣ አንዱ ሰውዬ የያዘውን መብራት ሊጥለው ምንም አልቀረው። እሷም ዘለለች። ለስንት ሌሊት ብቻዋን ስትደነግጥ ኖራ፣ ዛሬ ሰው አብሯት ደነገጠ። እንባዋ መጣ።

«ልጄ፣» አሉ አሮጊቷ፣ «ሰውዬው ሚስት አለው?»

«አለው።»

«እሷን እግዜር ይርዳት።»

«አሜን፣» አለች።

በመጨረሻ በገዛ ድምፁ ደንግጦ ብድግ አለ። የከበበውን ሰው አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ምንድን ነው?»

«አንኮራፋህ።»

«ዐይኔን ከደን አደረግኩ እንጂ አልተኛሁም፣» አለ ክራቫቱን እያቃና። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጠበቃ ጠበቃ ነውና በካልሲው ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄውን ጀመረ። «እማማ፣ ይቅርታዎን፣ ጆሮዎ ደኅና ነው?»

«ደኅና አይደለም ልጄ። ከዘጋኝ ቆይቷል። አጥርቼ የሰማሁት አንተን ነው።»

«ከዚህች ሻጭ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«ዝምድና? ባለፈው ይኼን የማይረባ ትራስ የሸጠችልኝ እሷ ናት! መች ይቅር አልኳትና።»

ጠበቃው ወደ ክሬኑ ዞረ።

«እኔን አይጠይቁኝ ጌታዬ፣» አለ ክሬኑ። «እኔ ዕቃ የጫነ መኪና መጣ ብዬ የኋላውን በር ልከፍት ወጥቼ ነበር።»

ትራሱን ታቅፈው የነበሩ ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት። ጋሼ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ተጠጓት።

«ታውቂዋለሽ ይሄን ሰውዬ?»

«ባሌ ነው።»

«የተገላገለው?»

«‹ተገላግሏል በይ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ። የተገላገለ ነገር የለም። ከፈለጉ አሁኑኑ ልውጣ፤ ቤቴ ሄጄ እንዳልተኛ ግን ይኸው እያዩት ነው።»

ጋሼ ሊመልሱ ሲሉ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከመሀል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ የነጠላዋ አልጋ ዋጋዋ ስንት ነው?» አለች።

«ለማን ነው?» አለ አጠገቧ የቆመው ባሏ።

«ዝም በል። ሰምተሃል።»

ሌላዋ ተከተለች። «እሷ የያዘችው ዓይነት ሌላ አለ?» የጋሼ ቁጣ እንደ ጀመረ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እየሸጡ መቆጣት አይቻልም። ሱቁ ሲዘጋ የትራሱን ማስታወቂያ ከመስኮቱ እያወረዱ፣ «ሰኞ እናወራለን፣» አሏት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ባልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ይበዛበታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ጠበቃው ቃሉን አልበላም፤ ያው ቅር እያለው። ከሱቁ የተረፈችውን አንዲት ነጠላ አልጋ ራስጌዋን ክሬኑ፣ ግርጌዋን እሱ ይዘው ከነሙሉ ልብሱ ደረጃውን ሲወጡ ጎረቤት ብቅ አለ።

«ጠበቃ! ምነው፣ አልጋ?»

«እንግዳ ይመጣብናል፣» አለ ላቡን እየጠረገ። ከፋይሉ ክምር አጠገብ አልጋውን ሲያሳርፉት ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይህ ማለት ግን ድርጊቱን አምኛለሁ ማለት አይደለም።»

«አይደለም፣» አለች በሩን እየዘጋችበት።

ግድግዳው ቀጭን ነው። ድምፁ መጣ፤ ግን የሰው ጣሪያ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ ከሩቅ ነበር። እስከ ዛገው በር ድረስ ሰማችው። የጭነት መኪናው ሲነሳ እሷ አልነበረችም።

ጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ወጥታ ነቃች። ባሏ ከሻዩ ፊት ተቀምጦ ዐይኑን ያሻል።

«ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም፣» አላት። «አልጋው ሰፋብኝ። ስገላበጥ ነው የነጋው።»

ስኳሩን ለይታ አነሳች፣ ጨመረች፣ አማሰለች፣ አንዴ ፉት አለች።

«ምስክር አለህ?»