ልጆቹ ያልጠረጠሯት

የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ነው የምውለው፤ የመገለ ድድ፣ የተነቀለ መንጋጋ፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ አይቼ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ እበላለሁ። የሚያቅለሸልሸኝ የወንድሜ መጻሕፍት ናቸው።

ታላቅ ወንድሜ ለልጆች የምርመራና የጀብዱ ልብ ወለድ ይጽፋል። አንድ ነገር ይሰረቃል፣ አራት ጓደኛሞች ባትሪ ይዘው ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ ሌባው ይያዛል፣ ትልልቆቹ ሰዎች አፍረው ያጨበጭባሉ። ይሸጥለታል። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ሰላም ይለዋል፤ እሱም ሰላምታውን እንደ ግብር ይቀበላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሁድ እሁድ እሱ ቤት ተሰብስበን ምሳ እንበላለን። ሳህኑ ሲነሳ ረቂቁን ይዞ ይመጣና ለሱም ለኔም ልጆች ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ያቆምና «በሉ እንግዲህ፣ ሌባው ማነው?» ይላቸዋል። ካወቁት ሌባው ይቀየራል። ካላወቁት መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባል።

አምና ያነበበላቸው ከአንድ ትምህርት ቤት ስለጠፉ ዋንጫዎች ነበር። መጀመሪያ ሌባው ሒሳብ ሹሙ ነበር፤ ሚጣ፣ የወንድሜ ትንሿ ልጅ፣ ገና ከጅምሩ ነቃችበት። በሳምንቱ ሌባው የስፖርት አስተማሪው ሆነ፤ እሱንም አወቁት። ወንድሜ ተናደደ።

«እሺ፣ ማንን ነው የማትጠረጥሩት?» አላቸው።

«ጽዳቷን» አለች ሚጣ። «እሷማ እትዬ ናት።»

እትዬ የምትለው አክስታችንን ነው። እናታችን ስትሞት እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን የእናታችን ታናሽ እህት ናት፤ እዚሁ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ወንድሜ ለማሟያ ያህል መጽሐፉ ጥግ ላይ አስገብቷት ነበር፤ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለች፣ ባልዲ ስትሸከም ኖራ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፣ እየሠራች የምታንጎራጉር፣ ለልጆች ብርቱካን የምትልጥ ሴት። ያን ሰዓት ራሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ለሚጣ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ሳቀች። መጽሐፍ ውስጥ በመግባቷ ደስ ብሏታል።

ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ሥጋ የሚያማርጥ ሰው አስተያየት ናት።

በሚቀጥለው እሁድ አክስታችን ጉንፋን ይዟት ቀረች። ወንድሜ አነበበ። ሌባዋ ጽዳቷ ነበረች። የጨመረው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ ማንጎራጎሯ ለግብረ አበሯ ምልክት ሆነ፣ ብርቱካኑ ልጆቹን ማዘናጊያ ሆነ፣ ዋንጫዎቹም ከባልዲዋ ውስጥ ወጡ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንዳቸውም አላወቁም።

ወጥ ቤት ድረስ ተከተልኩት።

«አንተ፣ ይህቺ እኮ አክስትህ ናት።»

«ልብ ወለድ ነው።»

«ትከሻዋን እንኳ አልቀየርክም። የሚያነቡት የምታጸዳላቸው ልጆች ናቸው። ስሟ ነው፣ እንጀራዋ ነው።»

«እሱ ነው እኮ ነገሩን ያሳመረው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ስለሚወዷት አይጠረጥሯትም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሁልጊዜ አይገኝም።»

የልጆችን ፍቅር አይቶ ቀዳዳ የሚል ሰው ከእኔው ጋር ባንድ አልጋ ተኝቶ ያደገ ነው። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ሒሳብ ሹሙን መልሰው አልኩት። ባንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። መጽሐፉ ታተመ፤ ከጻፋቸው ሁሉ እንደሱ የተነበበለት የለም።

አክስታችን መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ፈራ ተባ እያልኩ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኳት።

«ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፣ ዓይን አያደክምም» አለችኝ። ሌላ ብጠይቃትም ወሬ ቀየረችብኝ።

ባለፈው እሁድ እንደ ወትሯችን በላን። አክስታችን ልትሄድ ተነሳች፣ ሹራቧን ደረበች፣ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ዚፑን ከፍታ፣ ቦርሳውን በሁለት እጇ ዘርጋ አድርጋ ወደ እኛ አዞረችው። ፊቷ ላይ ምንም ነገር የለም።

«ምንድነው አክስቴ?» አልኳት።

ባነነች። «ውይ፣ ለምዶብኝ እኮ ነው።»

ምን እንደለመደባት ከአፏ ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይብሳል። ቀስ በቀስ ነገረችን። ተማሪዎቹ መጽሐፉን አይተው የመርማሪዎች ቡድን አቋቁመዋል። ከሥራ ስትወጣ በሩ ጋ ጠብቀው ቦርሳዋን ይፈትሻሉ። ርዕሰ መምህሯ «የንባብ ፍቅር ነው፣ አትከልክሏቸው» ብላለች። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። በኋላ አንዲት ተማሪ ሰዓት ጠፋባት፤ ከዚያ ወዲህ ዘበኛውም አብሮ ይፈትሻል። የክፍሎቹን ቁልፍም ተቀብለዋታል።

«ካንጎራጎርኩ ደግሞ ይከተሉኛል፤ እሱን ትቼዋለሁ» አለች። «ልጆች አይደሉ፣ ምን ይደረጋል።»

ወንድሜን አየሁት። ፊቱ በርቷል።

«እውነት ቡድን አቋቋሙ?» አላት። «አክስቴ፣ ሁለተኛውን ክፍል እየጻፍኩ እኮ ነው። ከእስር ቤት ወጥተሽ ትመለሻለሽ። እስቲ ሲፈትሹሽ ምን ምን እያሉ ነው የሚጠይቁሽ?»

ጽዳቷ ትመለሳለች አላለም። ትመለሻለሽ ነው ያላት። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን ምሳ መልሼ ዋጥኩት።

«አንተ ሰው አይደለህም» አልኩት፣ ልጆቹ እየሰሙ። «ከጉሮሮዋ ነጥላ ያሳደገችህን ሴትዮ ለሰፈር መጫወቻ ሰጠሃት። ታስጠላኛለህ።»

«ጀመራት ደግሞ» አለና ወረቀት ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ያዘ።

አክስታችን «ተዉ፣ በኔ የተነሳ አትጣሉ» እያለች መሐላችን ገባች። ቦርሳው እጇ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሚጣን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከወንበሯ ወርዳ አክስታችን ጎን ደርሳለች፤ እጇን እስከ ክርኗ ቦርሳው ውስጥ ከታለች። መነጽሩን አወጣች፣ መሐረቡን ዘርግታ አራገፈች፣ የጎኑን ኪስ ሳይቀር ዳበሰች። ያዘዛት ሰው የለም።

«ምንም የለም» አለች። ቅር ብሏታል።

አክስታችን ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት፣ «በሚመጣው እሁድ ደግሞ ታያለሽ።»